የነዳጅ ዋጋና የገበሬው ኩንታል
(በአይከል በተከበረው የዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዞንና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች፣
የተከበራችሁ የዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ አባላት፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ እንድናገር የሰጠኝ ርዕስ በየስብሰባው በእረፍት ሰዓት የሚነሣ፣ ነገር ግን በአጀንዳ ተይዞ ብዙ ያልተወያየንበት ነው። ጥያቄው «በነዳጅ ላይ የሚጣል ግብርና የዋጋ ጭማሪ ሀገራችንን ከነዳጅ ጥገኝነት ሊያላቅቃት ይችላልን?» የሚል ነው። አንዳንዱ «ዋጋው ሲጨምር ሰው መቆጠብ ይማራል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ጭማሪው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ከእኛ የሚጠበቀው እያንዳንዱ እውነት የሚሠራበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ነው።

ጉዳዩ የአዲስ አበባ ባለመኪናዎች ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አይከል ከአዘዞ ተነሥቶ በገንዳ ውሃ በኩል እስከ መተማ ዮሐንስ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ቤንዚን ማስገባት ስትጀምር ቦቴዎቹ የሚያልፉት በዚሁ መንገድ ነበር። ከዚያ በፊት የአሰብ ማጣሪያ ነበረን፤ እርሱ በ1989 ዓ.ም. ሥራ አቆመ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ ወደብም ተዘጋብን። የሱዳኑ መስመር ደግሞ በመጀመሪያ የደቡብ ሱዳን መገንጠል፣ በኋላም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የፈነዳው የእርስ በርስ ጦርነት ተፈራርቀውበታል። ከካርቱም በስተ ሰሜን ያለው ትልቁ የነዳጅ ማጣሪያም በዚያ ጦርነት ከፍተኛ ጉዳት ደርሶበታል።

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሁለት በሮች ተዘጉብን ማለት ነው። ዛሬ ጎንደር የሚደርሰው ናፍጣ ከጂቡቲ ረጅም መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ነው። የሚያመጣው ቦቴም ራሱ ናፍጣ እየጠጣ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ ጥገኝነት ስንል የዶላር ጉዳይ ብቻ ማለታችን አይደለም። ሌሎች በሚከፍቱትና በሚዘጉት በር ላይ እርሻችንን ማንጠልጠላችን ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። አንድ ሊትር ነዳጅ ስንገዛ የምንከፍለው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። በውስጡ የማጓጓዣና የነጋዴው ድርሻ አለ። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድም ለመንገድ ጥገና የሚሰበስበው ገንዘብ በአብዛኛው ከዚሁ ከነዳጅ የሚገኝ ነው። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ተቋቋመ። የፈንዱ ሐሳብ መልካም ነበር፤ የዓለም ዋጋ ሲወርድ ገንዘብ ይቀመጥና ሲወጣ ጭማሪውን ይሸፍናል የሚል ነው። ሆኖም የዓለም ዋጋ ሽቅብ በወጣባቸው ዓመታት የሀገር ውስጡ ዋጋ እኩል እንዲወጣ ስላልተደረገ ፈንዱ ከመቶ ቢሊዮን ብር በላይ ዕዳ ተሸከመ።

በነዚያ ዓመታት ነዳጅ ርካሽ ነበር። ነገር ግን ርካሽነቱ ለማን ነበር ብለን መጠየቅ አለብን። ብዙ የሚቀዳ ብዙ ይደጎማል። ሦስት የቤት መኪና ያለው ሰው ሦስት እጥፍ ሲደጎም፣ በሬ ጠምዶ የሚያርሰውና በእግሩ ገበያ የሚሄደው ገበሬ ግን በቀጥታ ያገኘው ጥቅም አልነበረም። ከዚህም ሌላ ከጎረቤት ሀገሮች ዋጋ በታች የሚሸጥ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል። ሕዝብ የደጎመውን ነዳጅ ሌላው ይነዳበታል ማለት ነው። ስለዚህ «ድጎማው እንደ ድሮው ይመለስልን» ብሎ መጮህ ለገበሬ የሚያዋጣ አቋም ነው ብዬ አላምንም።

መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻዎች ብቻ እያደረገ ከሌላው ላይ ደረጃ በደረጃ ማንሣት ጀመረ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ ጭማሪው ቀጠለ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ ሊትር ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ድጎማ ማንሣትና ግብር መጨመር በመንግሥት መዝገብ የተለያዩ ናቸው። ከማደያ ፊት ለቆመ ሰው ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዋጋ ይጨምራሉ። ስለዚህ ግብር ፍጆታን ይቀንሳል ወይ የሚለውን ጥያቄ እኛው ራሳችን በሕይወታችን እየፈተንነው ነው።

ለመሆኑ ዋጋ ሲጨምር የነዳጅ ፍጆታ ይቀንሳል? የሌላውን ዓለም ልምድ ብናይ መልሱ «አዎን፣ ግን ቀስ ብሎ» ነው። በምዕራብ አውሮፓ ሰው ለነዳጅ ከሚከፍለው ግማሽ ያህሉ ግብር ነው። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ መንግሥት የቤንዚን ግብር ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ቆሟል፤ በሊትር ሲሰላ የአሜሪካን 5 ሳንቲም አይሞላም። ውጤቱ ምን ሆነ? አውሮፓዊው አነስተኛ መኪና ይይዛል፤ በባቡርና በአውቶቡስ ይሄዳል፤ በነፍስ ወከፍ ከአሜሪካዊው በጣም ያነሰ ቤንዚን ያቃጥላል። ይህ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። ባቡሩ ስለነበረ፣ ትንሿ መኪና ስለተሠራች፣ ከተማውም በዚያ ልክ ስለተገነባ የመጣ ነው።

ምርጫ በሌለበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የራሳችን ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጠናል።

የመጀመሪያው የ1966 ዓ.ም. ነው። የአረብ ሀገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ያስከተለው የዓለም ዋጋ ንረት እኛም ዘንድ ደረሰና የቤንዚን ዋጋ በአንድ ጊዜ በከፍተኛ መጠን ተጨመረ። የታክሲ ነጂዎች የቤንዚኑን ጭማሪ በታሪፍ እንዳያካክሱ ስለተከለከሉ በየካቲት ወር ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አድማ መቱ። መንግሥት ጭማሪውን በከፊል ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም፤ የዚያን ዓመት መጨረሻ ሁላችን እናውቀዋለን። ለአብዮቱ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት። ነገር ግን መውጫ ሳይበጅ ዋጋ ብቻ ሲጫን ሰው ነዳጅ ከመቆጠቡ በፊት እንደሚማረር ያ ጊዜ አሳይቶናል። ፈረንሳይም በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የነዳጅ ግብር ልትጨምር ስትል አውቶቡስ በማይደርስበት ገጠር የሚኖረው ሕዝቧ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ አደባባይ በመውጣቱ ጭማሪውን ለመተው ተገዳለች።

ሁለተኛው ትምህርት የላምባ ነው። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማ ሲነሣ በመቶኛ ከፍተኛ ጭማሪ ካረፈባቸው አንዱ ላምባ ነበር። የከተማ እናቶች የላምባ ምድጃቸውን ጥግ አስይዘው ወደ ከሰልና ወደ እንጨት ተመለሱ። በመዝገብ ሲታይ የላምባ ፍጆታ ቀንሷል። ነገር ግን የተቀነሰው ላምባ ከጫካው ላይ ነው የተወሰደው። «አልሸሹም ዞር አሉ» ይሏል እንዲህ ያለው ነው። በአንጻሩ በገጠር ቤቶች የላምባ ኩራዝን በእውነት ያስጣለው ምንድን ነው ብንል የፀሐይ ብርሃን ፋኖስ መምጣቱ ነው። ዋጋው ገፋ፤ የተገፋው ሰው የሚያርፍበት ቦታ ግን ፋኖሱ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር ነው። የዋጋ ጭማሪ ሰውን ይገፋል እንጂ መንገድ አይሠራለትም። መንገዱ ከተሠራ ጭማሪው ከጥገኝነት ያላቅቃል፤ መንገዱ ካልተሠራ ያደኸያል።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፤

ይህ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ በሂሳብ እንየው። ምሳሌው ለማስረዳት ያህል ነው፤ ሁላችሁም በየማኅበራችሁ ቁጥር ልትተኩት ትችላላችሁ። ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር። አንድ አይሱዙ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል ብንል ለአንድ ምልልስ 24 ሊትር ያስፈልገዋል። 50 ኩንታል እህል ጭኖ ሄዶ ባዶውን ይመለሳል እንበል።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዋጋ ናፍጣው 1,176 ብር ነበር፤ ለአንድ ኩንታል 23 ብር ከ53 ሳንቲም ይደርሳል። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ዋጋ ግን 2,375 ብር ሆነ፤ ለአንድ ኩንታል 47 ብር ከ51 ሳንቲም። ይህን ጭማሪ ማን ከፈለው? ነጋዴው አይደለም። እህል ሲገዛን የማጓጓዣውን ቀንሶ ይገዛናል፤ ስኳርና ዘይት ሲሸጥልን የማጓጓዣውን ጨምሮ ይሸጥልናል። ገበሬው በመሄጃም በመምጫም ይከፍላል።

መኪናው በግማሽ ጭነት ማለትም በ25 ኩንታል ቢሄድስ? ለአንድ ኩንታል 95 ብር ይደርሳል። ሄዶ ሲመለስ ግን በሁለቱም ጉዞ 50፣ 50 ኩንታል ቢጭንስ? ያው 24 ሊትር ለ100 ኩንታል ይካፈላል፤ ለአንድ ኩንታል 23 ብር ከ76 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ይህ ቁጥር ናፍጣ ዋጋው እጥፍ ከመሆኑ በፊት ባዶ እየተመለስን እንከፍለው ከነበረው ጋር ሊገጥም የቀረው ጥቂት ሳንቲም ነው። ለያንዳንዱ ኩንታል የሚቃጠለው ናፍጣም በግማሽ ይቀንሳል።

ይህን የምናገረው ጭማሪው ቀላል ነው ለማለት አይደለም። አንድ ገበሬ ብቻውን መኪና ሞልቶ መላክ አይችልም፤ መልስ ጭነትም አያገኝም። ዩኒየን ግን ይችላል። እህል ከታኅሣሥ ጀምሮ ይሰበሰባል፤ ማዳበሪያውም ከጥር ጀምሮ ይገባል። እህሉ ወደ ጎንደር በሚወጣበት ሰሞን ማዳበሪያው ወደ እኛ ይመጣል። ሁለቱን በአንድ የጉዞ መርሐ ግብር ማያያዝ ከመጋዘን አደረጃጀትና ከስልክ ጥሪ ያለፈ ወጪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወፍጮ ነው። በየቀበሌው የናፍጣ ወፍጮ አለ፤ ናፍጣ ሲወደድ የመፍጫ ዋጋ ይጨምራል፤ የሚከፍሉትም እናቶች ናቸው። ከጎንደር በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚሄደውና በ2006 ዓ.ም. በይፋ ሥራ የጀመረው 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፈው በዚሁ በእኛ አካባቢ ነው። ታላቁ የኅዳሴ ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኤሌክትሪኩ በራሳችን ውሃ የሚመነጭ ነው፤ ጂቡቲ ድረስ ቦቴ አይላክለትም። ከፍተኛ መስመር በላዩ ስላለፈ ብቻ ግን አንድ ቀበሌ መብራት አያገኝም፤ የማከፋፈያ ጣቢያ፣ ዝቅተኛ መስመርና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ወፍጮ ያላቸው ማኅበራት በየግላቸው ከማመልከት ይልቅ በዩኒየኑ በኩል በአንድ ዝርዝር ቢጠይቁ፣ ለትራንስፎርመርም ከትርፍ ክፍፍላቸው ቢያዋጡ ይደመጣሉ። መብራት እንደሚቋረጥ አውቃለሁ። በዚህ ምክንያት የናፍጣ ወፍጮውን ዛሬውኑ ጣሉት አልልም፤ ለክፉ ቀን ተጠባባቂ ይሁን።

ሦስተኛው ጉዳይ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የጋዝና የነዳጅ ዋጋ ሲንር ማዳበሪያም አብሮ የናረው በዚህ ምክንያት ነው። ማዳበሪያ ልብሱን የቀየረ ነዳጅ ነው ብንል አንሳሳትም። ኢትዮጵያ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርማለች፤ ፋብሪካው ሲደርስ ትልቅ እፎይታ ይሆናል። እስከዚያው በእጃችን ያለው ኮምፖስት ነው፤ ሽንብራና ባቄላን ከጤፍና ከማሽላ ጋር ማፈራረቅም ነው። እነዚህ ሰብሎች በሥራቸው ናይትሮጅን ለአፈሩ ያስቀራሉ። አባቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ያውቁት ነበር። ዩሪያን ጨርሶ ይተካል አልልም፤ አንድ ኩንታል ዩሪያ የሚቀንስ ገበሬ ግን ከጂቡቲ የሚመጣውን አንድ ኩንታል ጭነት ቀንሷል።

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፤

ከእናንተም የምንጠይቀው አለ። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግርና በአቅርቦት መቆራረጥ ምክንያት ብዙ ጊዜ ነዳጅ የሚገኘው በማደያ ሳይሆን በጀሪካንና በሃይላንድ ነው። በማደያ የሚጨመር ዋጋ ቢያንስ ወደ መንግሥት ካዝና ወይም ወደ ፈንዱ ይገባል። በጀሪካን የሚጨመረው ግን መንገድ አይሠራበትም፣ ትምህርት ቤት አይከፈትበትም፣ ትራንስፎርመር አይገዛበትም። ካዝና የሌለው ግብር ማለት ይህ ነው፤ ከግብር ሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። ስለዚህ «ዋጋ አትጨምሩ» ከማለት ይልቅ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በምርት መሰብሰቢያና በማዳበሪያ ማጓጓዣ ወራት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ጭነት የሚውል ናፍጣ በዝርዝር ተመዝግቦ በማደያ ዋጋ ይሰጥ። ዝርዝሩ በግልጽ ይለጠፍ፤ ማኅበሩም ለወሰደው ሊትር ተጠያቂ ይሁን።

ሁለተኛ፣ በነዳጅ ላይ የሚጣል ማንኛውም ግብርና መዋጮ ስንት እንደሆነና ለምን እንደዋለ ሕዝቡ ይወቅ። የከፈለውን የሚያውቅ ሰው ለምን ከፈልኩ ብሎ አያጉረመርምም ባልልም፣ ቢያንስ ምን ተሠራበት ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከድጎማው መነሣት ከሚድነው ገንዘብ ለገጠር መንገድና ለገጠር ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ድርሻ ይጨምር። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከብዙ ግብር ነጻ ተደርገው ነበር። ለከተማው ነዋሪ መውጫ በር ተከፍቶለታል። ለገበሬው የሚከፈተው በር ግን የቤት መኪና አይደለም፤ የኤሌክትሪክ ወፍጮ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ፓምፕና ክረምት ከበጋ የሚያስገባ መንገድ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚያጓራ መኪና በአስፋልት ከሚሄደው ይልቅ ብዙ ናፍጣ እንደሚጨርስ ሹፌር ሁሉ ያውቃል።

በመጨረሻም፣ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የነዳጅ ግብር ጥገኝነትን ሊቀንስ ይችላል፤ የሚቀንሰው ግን ገንዘቡ ምትክ ሲሠራበትና ሕዝቡም በምትኩ ለመጠቀም ሲደራጅ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የእኛ ነው። ስለዚህ የሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ በሁለት ጉዳዮች ላይ ውሳኔ እንዲያሳልፍ ሐሳብ አቀርባለሁ። እህልና ማዳበሪያ በአንድ መርሐ ግብር እንዲጓጓዙ ይወሰን፤ በየወሩም ስንት ኩንታል በስንት ሊትር እንደተጓጓዘ ለአባላት ይነበብ። የናፍጣ ወፍጮ ያላቸው ማኅበራት ዝርዝርም ተሰብስቦ የኤሌክትሪክ ጥያቄያቸው በዩኒየኑ ማኅተም ይቅረብ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶች። የነዳጁም ሸክም እንዲሁ ነው። የዓለምን የነዳጅ ዋጋ አይከል ላይ ሆነን መወሰን አንችልም። መኪናችን ባዶውን እንዳይመለስ ማድረግ ግን እንችላለን።

መልካም በዓል ይሁንልን።